በእጅ የተላገ ቅስት በር፣ ደብረ ማርቆስ፦ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካለፈው በኋላ

የእናቴን የፊት በር በእጅ የሠራልንን አናጢ ቀጠሮ አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ለጥምቀት አለኝ፤ ጥምቀት አለፈ። ለፋሲካ አለኝ፤ ፋሲካንም በልተን ጨረስን። በሩ ቤት የገባው ግንቦት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በመሃል ስልክ አያነሳም፤ ካነሳም «ነገ ና» ነው። ነገ ስትሄድ ደግሞ ጋቢውን ለብሶ ቀብር ሄዷል ይሉሃል። ቀብር ሄደ የተባለን ሰው ደግሞ ምን ትለዋለህ? ዝም ብለህ ትመለሳለህ።

ይህን የምለው ከታች ሰውየውን ስለማመሰግነው ነው። በኋላ ሄዳችሁ ስትጉላሉ እኔን እንዳትረግሙኝ።

የእናቴ ቤት ደብረ ማርቆስ ነው። ከዚህኛው በር አራት ዓመት ቀደም ብሎ የፊት በሯን ቀይረንላት ነበር፤ እዚያው ከተማ ካሉት ባለ ማሽን እንጨት ቤቶች በአንዱ። ስሙን አልጠራም፣ እንደዚያ የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለምና። በሩ ሲመጣ ዓይን ይስብ ነበር። ከላይ ቅስት ያለው ፓኔል (በበሩ ክፈፍ መሃል የሚገባው ሰፊ ጣውላ)፣ መሃሉ ከፍ ያለ፣ ዙሪያው ተዳፋት፣ ቫርኒሹ ፊት የሚያሳይ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ዳሰሰው። ሐምሌ ሲገባ በሩ እምቢ አለ። እናቴ በትከሻዋ ካልገፋችው አይከፈትም፣ ማታ በእርግጫ ካልሆነ አይገጥምም። የማርቆስን ሐምሌ የኖረበት ያውቀዋል፤ ጭጋጉ ሳሎን ድረስ ገብቶ የሰቀላችሁትን ልብስ የሚያረጥብበት ወር ነው። ከዚያ በጋው መጣና ሌላ ጉድ አመጣ። አንድ የጥር ማለዳ ፓኔሉን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አገኘነው፣ በስንጥቁ መንገዱ ይታያል። እናቴ «ሌባ ስፈራ ፀሐይ ሰበረችኝ» አለች።

እኔ ስንጥቁ ውስጥ ስቱኮ ሞላሁበት። በሚቀጥለው ክረምት ስቱኮው ተገፍቶ ወጣ፣ በበጋው ተመልሶ ተሰነጠቀ። በቃ ተስፋ ቆረጥኩ።

አሁን የምነግራችሁን አናጢ ያገኘነው በእናቴ የማኅበር ጓደኛ በኩል ነው። ሰሌዳ የለውም። ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ የተከደነ መጠለያ አለ፣ መሃሉ ላይ ጠረጴዛ የሚያህል ወፍራም ባንኮ፣ መሬቱ በፍቅፋቂ ተሞልቶ እንደ ፍራሽ ይረገጣል። ዕድሜው ከ60 በላይ ይሆናል። በወጣትነቱ ከአባቱ ጋር ገጠር እየዞረ የቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት ይሠራ ነበር። እናቴ «አንቱ» ትለዋለች፣ እሱም መልሶ «አንቱ» ይላታል፣ እኔን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አንተ ልጅ» ነው የሚለኝ። 41 ዓመቴ ነው።

የተሰነጠቀውን በር በጋሪ ጭነን ወሰድንለት። ገለበጠው፣ በመሮ ጫፍ ዳሩን ጫር ጫር አደረገና ሳቀ። «ይሄን ልጅ አስረውታል እኮ» አለ። ፓኔሉን ዙሪያውን በኮላ ለጥፈውታል፤ አልበቃ ብሏቸው ከኋላ ቀጫጭን ምስማር መትተውበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት በቁመቱ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። በጎኑ ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ወደ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ፓኔል በሁለቱ ወቅቶች መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሄዳል፣ ይመጣል። ስለዚህ የበሩ ቋሚና አግዳሚ በወንዴና ሴቴ ይጋጠማሉ፣ በውስጠኛው ጠርዛቸው ላይ ዙሪያውን ቦይ ይቆፈራል፣ ፓኔሉ ቦዩ ውስጥ ይገባና ልቅ ሆኖ ይተዋል። ኮላ የለም፣ ምስማር የለም። ሲያብጥ ቦዩ ውስጥ ይገባል፣ ሲኮማተር ትንሽ ወጣ ይላል፣ ማንም አያውቅበትም። ያ ዙሪያውን የምናየው ተዳፋትም ለጌጥ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ወፍራሙን ጣውላ ዳር ዳሩን አሳስቶ ቀጭኑ ቦይ ውስጥ እንዲገባ ማድረጊያ ነው። የእኛ ፓኔል ታስሮ ስለነበር በክረምቱ ክፈፉን እየገፋ በሩን አሰፋው፣ በበጋው መኮማተር ሲፈልግ የሚለቀው አጥቶ መሃል ለመሃል ተቀደደ። ለአራት ዓመት እንጨቱን ስረግም ኖሬያለሁ፣ እንጨቱ ምንም አላጠፋም።

አዲሱን በር ከራሳችን እንጨት ነው ያሠራነው። አጎቴ ማሳ ዳር ንፋስ የጣለው ዋንዛ ነበር፤ አሰንጥቆ ጎተራው ሥር በርብራብ ደርድሮት ሦስት ዓመት ተቀምጧል። በዋንዛ ለማሠራት ለምታስቡ ሰዎች፦ ዋንዛ ከየትም ተቆርጦ የሚሸጥ እንጨት አይደለም። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከ1986ቱ የደን አዋጅ ጀምሮ የተከለከለ ነውና ስትገዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። አናጢው እንጨቱን ሲያይ መጀመሪያ ያደረገው ነገር አስገረመኝ። ጣውላውን አንስቶ ጉንጩ ላይ ለጠፈው። እርጥበት ያለው እንጨት ጉንጭ ላይ ይቀዘቅዛል፣ የደረቀው አይቀዘቅዝም። ሁለቱን ጣውላዎች «እነዚህ ገና ናቸው» ብሎ ለይቶ ወደ ግድግዳው አስጠጋቸው። ከእኔ በፊት የነበረውን ሰውዬ ደግሞ ከነባሕር ዛፉ መልሶታል፤ «ለፓኔል አይሆንም፣ ይጠማዘዛል፣ ይፈነዳል፣ በኋላ እኔን ነው የምትሰድበኝ» ብሎ።

ዋጋው ለእጅ ብቻ 34 ሺህ ብር፣ ግማሹ ቀብድ። እንጨት፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍና ቫርኒሽ የኔ። ባለ ማሽኖቹ ለተመሳሳይ ልክ 22 ሺህ ብለውኝ ነበር። ውድ ነው፣ አዎ።

አሁን ሥራው ላይ ልምጣ፣ ምክንያቱም አራት አምስት ጊዜ ሄጄ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። አንደኛ ሥራውን ላፋጥን ብዬ ነው፤ ሁለተኛ ግን እውነቱን ለመናገር ደስ ስለሚል ነው።

በሩ ባለ ሁለት ተከፋች ነው፣ እያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ቋሚዎቹ 12፣ 12 ስለሆኑ ለፓኔሉ የሚቀረው ክፍተት 36 ነው። ከታች አራት ማዕዘን ፓኔል፣ ከላይ ቅስት ያለው። ቅስቱ ከትከሻው፣ ማለትም ከጎን ከሚጀምርበት፣ እስከ ጫፉ 6 ሳንቲ ሜትር ይነሳል። ይህን ቅስት በምን ታወጣዋለህ ብዬ ስጠይቀው ባንኮው ላይ ምስማር መታ፣ ሲባጎ አሰረ፣ በሲባጎው ጫፍ እርሳስ አሰረና ከምስማሩ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ አዞረው። ልክ ገጠመ። 30 ከየት መጣ? ስፋቱን በራሱ ታበዛለህ፣ 36 በ36፣ 1296 ይሆናል። ለከፍታው ስምንት እጥፍ፣ ማለትም ለ48 ታካፍለዋለህ፣ 27 ይወጣል። የከፍታውን ግማሽ፣ 3ን ትጨምራለህ። 30። እኔ ቤት ሄጄ በስልኬ ካልኩሌተር ነው ያረጋገጥኩት፤ እሱ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው ያለው፣ ከአባቱ የወረሰው ይሁን ከየት አልነገረኝም።

በጣም የወደድኩት ቀጥሎ ያለው ነው። ያንኑ ምስማር ሳይነቅል ሦስት ቅስት አወጣ። በ30 የላይኛው አግዳሚ የሚታይ ጠርዝ። በ31 የፓኔሉ ዳር፣ ቦዩ 1 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠልቅ። በ26 ደግሞ ከፍ ያለው መሃል የሚያልቅበትና ተዳፋቱ የሚጀምርበት መስመር። ሦስቱም ከአንድ ምስማር ስለተነሱ የትም ቦታ ብትለካቸው ርቀታቸው እኩል ነው። የቀድሞው በራችን ላይ ተዳፋቱ አናቱ ጋ ይሰፋና ትከሻው ጋ ይጠብ ነበር፣ ምን እንደሚያስጠላኝ ሳላውቀው አራት ዓመት አይቼዋለሁ።

ሲቆርጠው ግን 31ን አልቆረጠም፣ ሁለት ሚሊ ሜትር አሳነሰ። ስፋቱንም 38 መሆን ሲገባው 37 ከ4 ሚሊ ሜትር አደረገው። «መጋቢት ነው፣ እንጨቱ ከዚህ በላይ አይደርቅም፣ ከአሁን በኋላ ማበጥ ነው ያለበት» አለኝ። ጎን ለጎን ሦስት ሦስት ሚሊ ሜትር መተንፈሻ ማለት ነው። ቅስቱን ለምን አሳነስከው፣ በቁመት እንጨት አይንቀሳቀስም አላልክም? ስለው በጣቱ ትከሻውን አሳየኝ። ፓኔሉ ወደ ጎን ሲያብጥ የቅስቱ ትከሻ ስላዘነበለ አብሮ ወደ ላይ ይገፋል፤ ቦታ ካልተተወለት አግዳሚውን ከቋሚው ይፈለቅቀዋል። አራት ማዕዘኑ ፓኔል ላይ ይህ ጣጣ የለም። ቅስት ያለው በር የሚያስከፍለው አንዱ በዚህ ነው።

ሌላው የሚያስከፍለው የላይኛው አግዳሚ ቦይ ነው። ቀጥ ያለውን ቦይ ቦይ በሚያወጣ መላጊያ ጠረር ጠረር አድርጎ በግማሽ ቀን ጨረሰው። ያ መላጊያ ግን ቀጥ ብሎ እንጂ ዞሮ አይሄድም። ስለዚህ ቅስቱ ላይ ሁለት መስመር ጭሮ በ8 ሚሊ ሜትር መሮ በጥቂት በጥቂቱ እየመታ ቆፈረው። ጥልቀቱን እንዳያልፍ መሮው ላይ ክር ጠምጥሟል። ለሁለት አግዳሚ አንድ ሙሉ ቀን። መሮውን በየሃያ ደቂቃው ደንጊያ ላይ ይስለዋል፣ ክንዱ ላይ ያለውን ፀጉር ይላጭበታል፣ ይቀጥላል።

ተዳፋቱን ሲያወጣ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የታችኛውን አግድም ጫፍ ይልጋል፣ እዚያ መላጊያው ሲወጣ ማዕዘኑን ስለሚገነጥል። ከዚያ ረጃጅሞቹን ጎኖች ሲልግ የተገነጠለው አብሮ ይጠፋል። ቅስቱ መጨረሻ ነው። እዚያ ረጅም መላጊያ አይሠራም፤ ግማሹ አየር ላይ ይቀራል። በሰፊ መሮ ጎርዶ ጎርዶ ያወርድና በእንጨት ሞረድ፣ ከዚያ ጣት በምታህል መላጊያ ያስተካክላል። እጁን ሳየው ሁልጊዜ ከትከሻው ወደ አናቱ ነው የሚሄደው፣ ከግራም ከቀኝም፣ መሃል ላይ ይገናኛሉ። አንድ ጊዜ ሞክር ብሎ ሰጠኝና ከአናቱ ወደ ታች ገፋሁት። መሮው ጅማቱን ተከትሎ ገብቶ የጥፍር ያህል ቦጨቀ። «አየኸው? እንጨት ሲያበጥሩት እንጂ ሲያንጨባርሩት አይወድም» አለኝ። ቁስሉ እስከ ዛሬ በቀኙ ፓኔል ላይ አለ፣ የኔ ፊርማ ነው።

የተዳፋቱን የመጨረሻ 1 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ጠፍጣፋ አደረገው፣ ቦዩ ውስጥ የሚገባውን። ለምን? እስከ ዳሩ ድረስ ካዘነበለ ሲያብጥ እንደ ሽብልቅ እየገባ ቦዩን ይሰነጥቃል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማን ያየዋል? ማንም። ተሸፍኖ የሚቀር ነው። መጨረሻ ላይ በተሰበረ ብርጭቆ ፋቀው። ካርታቤትሮ ገዝቼ መጥቼ ነበር፣ ብዙም አልተጠቀመበትም።

አንድ ቀን እዚያ ቁጭ ብዬ መብራት ጠፋ። ከማዶ የነበረው የማሽን ጩኸት ሁሉ በአንዴ ጸጥ አለ። ልጆቹ ወጥተው በረንዳ ላይ ካርታ ያዙ። እኛ ጋ መላጊያው ሽው ሽው ማለቱን አላቋረጠም፤ እንዲያውም መብራት መጥፋቱን ያወቅነው ከነሱ ዝምታ ነው።

ነገር ግን ማሽንን ጥፋተኛ ማድረግ አልፈልግም። ይህን ነገር ስጽፍ «የድሮ እጅ፣ የአባቶች ጥበብ» እያሉ የሚያለቅሱ ሰዎች አስተያየት ሳይሰጡ በፊት ልቅደማቸው። መተንፈሻ ትቶ፣ ኮላ ሳያስነካ የሚሠራ ባለ ማሽን ካገኛችሁ በሩ ይህንኑ ያህል ይኖራል፣ በግማሽ ጊዜም ይደርሳል። የኔ አናጢ ማሽን የማይጠቀመው ስለሌለው ነው፤ «ብር ስጠኝና ነገ እገዛለሁ» ብሎኛል። የከፈልኩት ለመላጊያው አይደለም፣ ለዚያች ሦስት ሚሊ ሜትር ነው።

አሁን ወቀሳው። ቀጠሮውን ብያለሁ። ሁለተኛ፣ የግራው ቅስት አናት ከቀኙ በሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ጠፍጠፍ ያለ ነው። በሞረድ ሲያስተካክል አብዝቶበታል። «ሰው አያየውም» አለኝ፤ እውነት ነው፣ ሰው አላየውም። እኔ ግን በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። ሦስተኛ፣ ብረት ላይ አይችልም። የቁልፉን ቀዳዳ አሳስቶ በስቶ ምላሱ አልገጥም አለ፣ ሌላ ሰው ጠርቼ 800 ብር ከፈልኩ። ቁልፍና ማጠፊያ ለሌላ ሰው ስጡ፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

አራተኛውና ያናደደኝ ግን ቫርኒሹ ነው። ፓኔሎቹን ክፈፉ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ቫርኒሽ መቀባት ነበረባቸው። ጥድፊያ ላይ ስለነበርን (አምስት ወር ካዘገየን በኋላ!) ገጣጥሞ ሰጠኝ፣ እኔም ግንቦት ውስጥ ከውጭ ቀባሁት። ጥር ሲመጣ ፓኔሎቹ እንደ ደንቡ ተኮማተሩ፣ ከቦዩ ውስጥ ያልተቀባው ወጣ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሚሊ ሜትር የምታህል ነጣ ያለች መስመር ቁልጭ ብላ ታየች። በቀጭን ብሩሽ ነካካሁት። ሄጄ ስነግረው «ኧረ ዲያ! እሱማ ልክ ነህ» አለ፣ ብር ግን አልመለሰም። እናንተ ከሠራችሁ ፓኔሉ ለብቻው እያለ ውሰዱትና ዙሪያውን፣ ቦዩ ውስጥ የሚገባውን ዳሩን ሳይቀር ቀቡት።

ክረምቱን እንዴት አለፈ ለምትሉ፦ ሐምሌና ነሐሴ እናቴ በሩን በአንድ ጣት ስትከፍት ነው የከረመችው። ቋሚዎቹ ትንሽ ማበጣቸው አልቀረም፣ መሃል ላይ ሁለቱ ተከፋቾች የሚገናኙበት ጋ ጠበቅ ብሎ ነበር፣ ግን በእርግጫ የሚባል ነገር የለም። ፓኔሎቹ ላይ አንድ ስንጥቅ የለም። ከሁሉ የተለየው ድምፁ ነው፤ የድሮው ሲዘጋ ይጮህ ነበር፣ ይሄ ግን ድፍን ያለ፣ ዝግ ያለ ድምፅ አለው። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ተዳፋቱ ላይ የመላጊያው መንገድ በስሱ ይታያል። ዘጌ ሄዳችሁ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን መቅደስ ትላልቅ በሮች በእጃችሁ የዳሰሳችሁ ሰዎች ይህ ስሜት ይገባችኋል። እነዚያ የሚከብዱ ወፋፍራም ሳንቃዎች ናቸው፣ የኛ ቀላል ክፈፍ ነው፣ ግን እጅ ያለፈበት እንጨት ሲነኩት ይታወቃል።

ለመኝታ ቤት በር እሱ ጋ አትሂዱ፣ ብርም ጊዜም ማባከን ነው፤ ኮምፔንሳቶ ይበቃል። በሁለት ሳምንት ሠርግ ያለባችሁም ተዉት። እርጥብ እንጨት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከደጅ ነው የሚመልሳችሁ። የደረቀ እንጨት ያለው፣ የፊት በር የሚፈልግና ቢያንስ ስድስት ወር የሚታገሥ ሰው ይሂድ። ግማሹን ቀብድ ስትሰጡ ቀሪውን በሁለት ከፍላችሁ፣ ፓኔሉ ሲያልቅና በሩ ሲሰቀል ስጡ፤ እኔ ሙሉውን ፋሲካ ላይ ከፍዬ ነው ግንቦት ድረስ የተንከራተትኩት። በየሳምንቱ ብቅ በሉ፣ ስትሄዱ ደግሞ ቡና ይጠጣልና ባዶ እጃችሁን አትሂዱ።

ስልኩን በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ፦ ሳላስፈቅደው አልሰጥም፣ ብሰጣችሁም አያነሳም። እናቴን ጠይቁ፣ እሷ ለጓዳው በር ሌላ ቀብድ ከፍላ ለመስከረም ብሏታል።